የባለቤቴን ምት ያቃናሁ ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ከጤናሽ ልጀምር፤ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይነዝርሻል? መነጽሩንስ ለመድሽው ወይስ እንደ ልማድሽ መሳቢያ ውስጥ አስተኝተሽው በግምት ትሄጃለሽ? የአባባ ሳል ለቀቀው? የታናሽ እህቴ ፈተናስ እንዴት ሆነ? እኛ በጣም ደኅና ነን፤ እንዲያውም ሰሞኑን ቤታችን ሳቅ በሳቅ ሆኗል። በስልክ እንዳልነግርሽ መስመሩ ወጉ ጥሩ ቦታ ሲደርስ ይቆረጣል፤ ስለዚህ መነጽርሽን አድርገሽ ቁጭ በይ።

አማችሽ የዳቦ ቤቱ ማቡኪያ ማሽን ቀኝ እጁን ከያዘው ወዲህ ድራም ነክቶ እንደማያውቅ ታውቂያለሽ። ሦስት ጣቶቹ አይታጠፉም፤ የድራም ዱላ መጨበጥ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሬዲዮ ሲከፈት ተነስቶ ይወጣል። ታዲያ የታች ቤቷ ነርስ ልታገባ ሆነና "ለሠርጌ እሱ ካልመታ ሌላ አልፈልግም" ብላ ድርቅ አለች። በጣት የሚመታ ፓድ የሚባል ነገር መኖሩንም የነገረችኝ እሷው ናት።

ገዛሁና ደብቄ ሞከርኩት። ጠፍጣፋ ሳጥን ነው፤ ላዩ ላይ ካሬ ካሬ የላስቲክ ቁልፎች ተደርድረውበታል። ብነካው ድምፅ የለ፣ ብደበድበው ድምፅ የለ! መብራቱ ብቻ ብልጭ ብልጭ። ሻጩን እየረገምኩ ልመልሰው ስወጣ ነርሷ ደረጃ ላይ አግኝታኝ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ለካ ሳጥኑ በራሱ ዲዳ ነው! ድምፁ ያለው ኮምፒውተር ላይ በሚጫነው የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ ነው። በገመድ ታገናኚውና ለአንዱ ቁልፍ ከበሮ፣ ለሌላው ጭብጨባ ታድይዋለሽ።

አማችሽ ሲያየው "ይሄ የሕፃን መጫወቻ ነው" ብሎ ፊቱን አዞረ። ነርሷም አልለቀቀችውም፤ "እንግዲያው እንደ ሕፃን ተጫወትበታ!" አለችው። በእልህ በደኅናዎቹ ሁለት ጣቶቹ ነካ አደረገው። እማዬ፣ ሲዳብሱት በስሱ፣ ጠበቅ ሲያደርጉት በኃይል ነው የሚጮኸው። ከዚያ ወዲያ ማን ያስነሳው! ምሳው እየቀዘቀዘ፣ ጎረቤት ግድግዳ እየደበደበ፣ እሱ ምት ሲቀዳ ይውላል።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጉድ የሠራሁት እኔ ነኝ። የተቀዳው ምት ኮምፒውተሩ ላይ በእኩል ርቀት በተሰመሩ መስመሮች መሐል በዓይን ይታያል፤ አንዱ ከመስመሩ ቀደም ያለ፣ ሌላው ዘግየት ያለ። መቼም ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተንጋደደ ስፌት አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም። እሱ ገላውን ሲታጠብ አንድ ቁልፍ ተጭኜ ሁሉንም መስመር ላይ ልክክ አደረግሁለት። ደስ ይለዋል ብዬ እኮ ነው! ወጥቶ ሲሰማው ፊቱ አመድ መሰለ። ምቱ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል እንጂ ትከሻ አያነቃንቅም። "እጄ አብቅቶለታል፤ ሌላ ሰው ፈልጊ በያት" አለና ገመዱን ነቀለ።

ብናገር ሊቆጣኝ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ለዘላለም ሊተወው ነው። "ጠማማውን ያቃናሁት እኔ ነኝ" አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና "አንቺ ሴት፣ ጨዋታው ያለው እኮ እዚያ ጠማማው ላይ ነው!" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ገመዱን ሰክቶ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ ሲጫን የገዛ ምቱ ተመለሰ፤ እኔም ነፍሴ መለስ አለች።

በሠርጉ ዕለት ሳጥኑን ከነኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ እዚያው በጣቱ መታ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ "ከበሮው የታለ?" እያሉ ጠረጴዛ ሥር ሲያዩ ነበር፤ ኋላ ግን ወንበር ላይ የቀረ አልነበረም። የሙሽራው አክስትማ ጫማዋን አውልቃ መሐል ገባች! "ማነው እንዲህ የሚመታው?" ሲባል ከሰው ሁሉ የሚሸሽገውን ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ አውለበለበ። እኔ በሰፋሁት የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እንባዬን ልጠርግ ምንም አልቀረኝ።

አባባን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ሲጋራውን እንደተወ አልሰማሁም በይው። ታናሽ እህቴን አጥብቀሽ እቀፊልኝ፤ ደብዳቤ መጻፍ ጣት አይሰብርም በያት። አክስቴንም ከነልጆቿ ሰላም በይልኝ። አማችሽ ደግሞ በጣም ናፍቀሽዋል፤ "ጭብጨባዋን በስልክ ቀድታ ትላክልኝ፤ አንድ ቁልፍ ባዶ አድርጌ እየጠበቅኋት ነው" ብሏል። እንግዲህ ጠበቅ አድርገሽ አጨብጭቢ፣ እማ።

ሁሌ የምትናፍቅሽ ትልቋ ልጅሽ
ከስፌት ማሽኔ አጠገብ፣ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.