የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የሰው ጠጉር ስትሠሪ ዛሬም ያምሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጅሽስ፣ አባባስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ዘንድሮ ደኅና ነኝ ስልሽ ለወጉ ያህል አይደለም።

ሐኪሟ ባለፈው ሳምንት መልሳ አይታኝ፣ የማህፀኔ በር ላይ ተገኝቶ የነበረው ምልክት ጠፍቷል አለችኝ። ካንሰር ሳይሆን ስለተደረሰበት ሕክምናው ቀላል ነበር። ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እናታችን ይህን ዕድል አላገኘችም። ሳትመረመሪ እንዳትደውዪልኝ ብለሽ ባትቆጪኝ እኔም ሥራ በዛብኝ እያልኩ እቀር ነበር። እድሜ ላንቺ።

ዘዴሽንም ወርሼዋለሁ። አንቺ ደንበኞችሽን ተመርመሩ፣ ሴት ልጆቻችሁን የማህፀን በር ካንሰር መከላከያውን አስከትቡ የምትያቸው ጠጉራቸው እጅሽ ውስጥ ሳለ፣ መሸሻ ሲያጡ ነው። እኔ ደግሞ አንሶላ አለኝ። እዚህ የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ የምናጥፈው ሁለት ሁለት ሆነን ነው፤ አንዷ ጫፏን ከለቀቀች መሬት ነክቶ እንደገና ይታጠባል። ሳቂታ የምንላት ጓደኛዬ ክትባቱ ልጄን መካን ያደርግብኛል እያለች ስትሸሸኝ ከረመች። አንሶላ ይዛ ግን ወዴት ትሂድ? በመጨረሻ፣ እሺ የጤና ጣቢያዋን ነርስ እጠይቃታለሁ፣ አንቺ ብቻ አፍሽን ያዥልኝ አለች። ጤና ጣቢያው እኛ ከሥራ ሳንወጣ ስለሚዘጋ፣ ነርሷ አሁን በምሳ ሰዓት እዚሁ ትመጣልናለች። ሳቂታ የልቧን ሁሉ ጠየቀቻት፤ ነርሷም ሳትሰለች መለሰችላት። ልጅቷ ተከተበች።

ያንቺም ልጅ ትምህርት ቤት መከተቧን በስልክ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ግን አፏን አዳልጧት አንድ ነገር ጨመረች፤ እማዬ ራሷ እኮ አልተመረመረችም አለችኝ። እታለም፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ አይደል? አልተቆጣሁም፣ ፈራሁ እንጂ። እናታችንን አብረን አስታመናል፤ አንቺን ማስታመም አልችልም።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ እስከ ምርመራው በር ድረስ እንዲሸኝሽ አደራ ብያለሁ። ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ምስጢር አወጣሽ ብለሽም እንዳትቆጫት። አንቺን ሰላም የምልሽ ግን ተመርምረሽ ስትደውዪ ነው። እስከዚያው ጫፌን ይዤ ቆሜያለሁ፤ አለቅም።

የምትወድሽ ታናሽሽ
ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ጥር ፲፪ ቀን