ሳላስፈቅድ የዘፈንኩት ዘፈንሽ

ይድረስ እንደ እናት ለምፈራሽ፣ እንደ ጓደኛ ለምቀልድብሽ ታላቅ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ እትዬ? ያ ስፌት መኪና ያጎበጠው ትከሻሽ ቀና አለልሽ? እማዬስ ጉልበቷ ደረጃውን ይወጣላታል? አባባ ከሬዲዮው ጋር ታረቀ ወይስ እንደተጣሉ ናቸው? ድንቢጥ ልጅሽስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ጉልበቴም ቁርጭምጭሚቴም በየቦታቸው ናቸው።

ዛሬ የጻፍኩልሽ ግን ጥፋቴን ልናዘዝልሽና ፈቃድሽን ልለምንሽ ነው። መጀመሪያ ወሬውን ከእኔ ስሚው፤ ከሬዲዮ ብትሰሙት አባባ አይምረኝም። ኳስ አቆምኩ። አትደንግጪ፣ ያባረረኝም የሰበረኝም የለም። ክለቡ የሁለት ዓመት ውል አዘጋጅቶልኝ ነበር። አሰልጣኛችን ቢሮዋ ጠርታኝ የእስክሪብቶውን ክዳን ሳይቀር ከፍታ አስቀመጠችልኝና፣ ገና ሦስት ዓመት ግብ ትጠብቂያለሽ፣ ምን ጎድሎብሽ ነው የምትሄጂው አለችኝ። ምንም አልኳት። አሥራ አንድ ዓመት በረኛ ሆኛለሁ፤ ሰው "በቃሽ" ሳይለኝ ጓንቴን በገዛ እጄ ማውለቅ ፈለግኩ። ከእንግዲህ ሥራዬ ዘፈን ነው። ሳቂ ሳቂና ስትጨርሺ ቀጥዪ።

አመጣጡ እንዲህ ነው። ተሸንፈን ስንመለስ አውቶብሳችን ውስጥ ጭጭ ነው፣ ዝንብ ብትበር ይሰማል። የዛሬ ሁለት ዓመት አራት ለባዶ ተሸነፍን፤ አራቱም ያለፉት በእኔው እጅ ሥር ነው። ዝምታው አላስችል ሲለኝ ዘፈንኩ። የዘፈንኩት ያንቺን ነው፣ ስትሰፊ ለብቻሽ የምታንጎራጉሪውን፦

ክር አላስገባ አለ፣ መርፌው ጠበበብኝ፤
ሰው ሸኝቼ መጣሁ፣ ዓይኔ ፈዘዘብኝ።

መጀመሪያ ተከላካዮቹ ተቀበሉኝ፣ ከዚያ ሁሉም። ወር ሳይሞላ ደጋፊዎቹ ከእኛ ቀምተው ሜዳውን አናወጡት። የማን ነው ሲሉኝ ደግሞ ምላሴን ሳልሰበስብ፣ የእህቴ ነው፣ እጮኛዋ የነበረው አናጢ ጥሏት ሲሄድ ያወጣችው ነው አልኳቸው። ምሥጢርሽን በአውቶብስ አዞርኩት። አይተውት የማያውቁ ሃያ ሁለት ሴቶች ያንን አናጢ እስከ ዛሬ ይረግሙታል። ይህን ባለቤትሽ ባያነበው ይሻላል።

አንድ የሙዚቃ አቀናባሪ ሜዳ ገብቶ ሰምቶኝ አፈላልጎ አገኘኝ። ስቱዲዮው ከጎሚስታ ቤት በላይ ያለች፣ ግድግዳዋ በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ናት። የመጀመሪያ ቀን ስዘፍን ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ፣ እህቴ፣ ተከላካዮችሽ እዚህ የሉም፣ ያለሁት እኔ ነኝ፣ እኔም አጠገብሽ ነኝ አለኝና ማይኩን ሁለት እርምጃ አራቀው። ባለፈው ወር ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ዘፍኜ ስጨርስ፣ ጨዋታ ያለቀ መስሎኝ ሙዚቀኞቹን፣ መብራት የሚያበራውን ሰውዬ፣ የፊት ወንበር ተመልካቾችን በሙሉ በተራ ጨብጬ ወጣሁ። ሰዉ ትሕትና ነው አለ፤ እኔም አላረምኩም። እውነቱን ልንገርሽ እትዬ፣ ጎበዝ ነኝ። ራሴ ያወጣኋቸው አምስት ዘፈኖች አሉኝ፤ ያንቺ ባይጨመርም ባዶ እጄን አልቀርም።

አቀናባሪው ግን ያንቺ ቀድሞ ተቀርጾ ይውጣ ይላል። የዘፈን ማስመዝገቢያ ቅጽ ሰጠኝ፤ "የግጥምና የዜማ ባለቤት" የሚለው ላይ ሙሉ ስምሽን ጻፍኩ። "ዘፋኝ" የሚለውን ባዶ ተውኩት። አንቺ እሺ ሳትይ አልሞላውም፤ እምቢ ካልሽ ቅጹን እቀደዋለሁ፣ አልቀየምሽም።

አሁን ደግሞ የምጠይቅሽ አለኝ። ትናንት ስቱዲዮ ውስጥ ማዳመጫ አድርጌ ለሙከራ ስዘፍነው ጆሮዬ ላይ ከራሴ ድምፅ በቀር ምንም አልነበረም። አውቶብስ ውስጥ ጩኸት፣ ሜዳ ላይ ጩኸት፤ ለካ ቃሉን ለብቻው ሰምቼው አላውቅም። "ሰው ሸኝቼ መጣሁ" ላይ ስደርስ አቆምኩ። አናጢውን መቼ ሸኘሽው? ሳይሰናበትሽ አይደል የጠፋው? ያም የሆነው እኔ ከቤት ከመውጣቴ በፊት ነው፤ ያኔ ደግሞ አንድም ቀን ስታንጎራጉሪ አልሰማሁሽም። ይህን ዘፈን መጀመሪያ የሰማሁት ለመጀመሪያው እረፍቴ ስመጣ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ነው፤ እንዳየሽኝ አቋረጥሽው። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክመሽ ሸኝተሽኝ፣ ሂጂ፣ ዞረሽ እንዳታዪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እኔም ዞሬ አላየሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሜዳው ስጮኸው ለእኔ የተዘፈነ መሆኑን አላወቅኩም እትዬ። አልቅሻለሁ፣ አልደብቅሽም፤ አቀናባሪው ውሃ ላምጣ ብሎ ወጣ፣ ቶሎም አልተመለሰም።

ተሳስቼ ከሆነ ሳቂብኝ፤ እሺም ሆነ እምቢ ያንቺው ነው። እውነት ከሆነ ግን ዘፈንሽ ያለ መልስ ብቻውን እንዲወጣ አልፈልግም። መልሱን ዛሬ ጠዋት ጻፍኩት፦

መርፌሽን አቀብይኝ፣ ክሩን ላስገባልሽ፤
የሸኘሻት መጣች፣ ዓይንሽም ይብራልሽ።

እማዬን ሁለቱንም ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለአባባ ዜናውን ከምሳ በኋላ ንገሪው፤ ከተቆጣ፣ ሴት ልጅና ኳስ ምንና ምን ናቸው ብሎ ብሎ በኋላ ዳኛውን በሬዲዮ የሚሳደበው ማን ነበር በይልኝ። ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ድንቢጥን ጉንጯን ነከስ አድርገሽ ሳሚልኝ፤ ጓንቶቼን ከደብዳቤው ጋር ልኬላታለሁ፣ እስክትሞላቸው ትደግባቸው። አንቺ ግን መልስሽን በፖስታ አትላኪው። እሁድ ሳምንት በከሰዓቱ አውቶብስ እመጣለሁ፤ ማንን እንደሸኘሽ ፊት ለፊት ትነግሪኛለሽ።

ታናሽሽ፣ በረኛዋ

ከተጫዋቾች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ረቡዕ፣ ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን