የፕላስቲኩ ሽጉጥና ስድስተኛዋ ጊደር

ልጄ ሳላሀዲን፣ ሰላምታውን ወደ ታች አደርሰዋለሁ፤ መጀመሪያ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ልንገርህ። ከሱብሒ ሶላት እንደተመለስን ሐጂ ናጃህ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤት መጡ። የመጡበትን ጉዳይ ኋላ እነግርሃለሁ። ገና ከመቀመጣቸው የስልኬ መልእክት ጮኸ። እህትህ ሰፍያ አነሳችው፤ የአንተ ድምፅ መሆኑን ስታይ ሁሉም ይስማው ብላ ከፍ አድርጋ ከፈተችው። አንተም እንደ ልማድህ «አባ፣ አዲስ ነገር ልይዝ ነው፣ መርቁኝ» አልክ። ሱቁን ስትከፍት እንዲሁ ብለህ ነበር፣ ፍሪጁን ስትገዛም እንዲሁ። ሐጂ ደግሞ ምርቃት ተጠይቀው እጃቸው ተሰብስቦ አያውቅም። ወዲያው ዘርግተው «አላህ በረካ ያድርግልህ፣ ወዳጅህን ያብዛበት» አሉ፣ እኛም አሚን አልን። ከዚያ ሰፍያ ፎቶውን ከፈተች። ሽጉጥ ነው።

ሐጂ ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩትና «ይሄ የልጆች መጫወቻ አይደለም እንዴ?» አሉ። ሰፍያ «አይደለም ሐጂ፣ የእውነት ነው፣ አካሉ ፕላስቲክ ስለሆነ ነው» አለቻቸው። አንደኛው ሽማግሌ «ያው ሳኒ ፕላስቲክ ነጋዴ አይደል፣ ልጁም የአባቱን ንግድ ያዘ» አለ። ሐጂ መዳፋቸውን አየት አደረጉና «የወጣ ምርቃት አይመለስም፤ ዕቃ ግን ይመለሳል» ብለው ተነሱ። ቁርሱ እንደቀረበ ቀረ።

አሁን ወደ ሰላምታው። አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ ልጄ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም ካርቶን ስታነሳ ይይዝሃል? እዚያ ደቡብ አፍሪካ ብርዱ እየገባ ነው ይላሉ፣ ብርድ ልብስ ጨምረሃል? ሌሊት ትተኛለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፣ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ስልክ ያልደወልኩት ተቆጥቼ አይደለም። በስልክ ስናወራ አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔ የምለው ይጠፋብኛል። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩት፣ ሰፍያ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ቀስ ብለህ አንብበው።

ዝም ብዬ «አትያዝ» ብልህ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ፤ እኔም በአንተ ዕድሜ አልሰማም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃውን ልወቀው ብዬ፣ ሱቅ ሳልከፍት ቀጥታ ግሩም ጋ ሄድኩ። ግሩምን ታውቀዋለህ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ብስክሌት የሚጠግነው። ድሮ ፖሊስ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ሠርቷል። ፎቶውን አሳየሁትና «ይሄ ምን ስላለው ነው ሰው ሁሉ እሱን እሱን የሚለው?» አልኩት። የብስክሌት ጎማውን አስቀምጦ እጁን ጠረገ። የነገረኝን በካርቶን ላይ በተራ ጽፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ቀላል ነው። ወገብ ላይ ውሎ አይከብድም። ሁለተኛ፣ አካሉን ላብና ዝናብ አይበላውም፤ ድሮ ግምጃ ቤት ውስጥ ዝገት ሲፈትጉ መዋል ነበር ሥራቸው። ሦስተኛ፣ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሠላሳ ምናምን ቢሆኑ ነው አለኝ፤ የሚበላሽ ነገር ካነሰ ደግሞ ብልሽት ያንሳል፣ መለዋወጫውም በየቦታው አለ። አራተኛ፣ የድሮዎቹ ብዙዎቹ ሰባት ስምንት ጥይት ሲጎርሱ የዚህ ካዝና አሥራ ሰባት ይጎርሳል። አምስተኛ፣ በብዙ አገር ፖሊስና ወታደር ያዘው፤ ያኔ ሌላው ሰው «ለእነሱ የበቃ ለእኔ ያንሰኛል?» አለ። ግሩም ዋናው ይሄኛው ነው ይላል። መጀመሪያ የሠራው የኦስትሪያ ሰው ደግሞ ከዚያ በፊት ሥራው የመጋረጃ ዘንግና ቢላ ነበር አሉ። እኔም ሃያ ዓመት የመጋረጃ ዘንግ ሸጫለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን አስቤ አላውቅም።

ግሩም ያለውን አምኜዋለሁ፣ ምክንያቱም ሥራዬ ነው። እንሴኖ ገበያ መሬት ላይ አንጥፌ ስጀምር ሰው ገና እንስራ ይሸከም ነበር። ጀሪካን ያመጣሁ ቀን የመጀመሪያዋ ሴት አንስታ መዘነችው፣ ሁለተኛዋ ጣለችውና እንዳልተሰበረ አየች። ሦስተኛዋ ምንም አልመዘነች፣ ምንም አልጣለች፤ «ያቺ የያዘችውን ስጠኝ» ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ እንደ ሦስተኛዋ ናቸው። ባለፈው ዓመት እንኳ ቢጫና ሰማያዊ ጆግ አመጣሁ፣ ፋብሪካው አንድ፣ ዋጋው አንድ። ቢጫው የአንዲት መምህርት ቤት ገባ፣ ከዚያ ሰማያዊውን የሚጠይቅ ጠፋ። አሁንም መደርደሪያው ላይ አቧራ ይጠጣል። አንተም ልጄ በድምፅህ ላይ ያልከው «ያሬድ ይዟል፣ የያሬድ ጎረቤትም ይዟል» ነው። ያሬድ የወልቂጤ ልጅ ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ አገር ስታጣ ያስጠጋህ እሱ ነው፤ አልከፋበትም። ግን አንተ ሦስተኛዋ ሴት ነህ።

ስድስተኛውን ግሩም ለመጨረሻ ነው ያቆየው። ይሄ ሽጉጥ እንደ ድሮዎቹ በአውራ ጣት የሚገፋ መቆለፊያ ጎኑ ላይ የለውም። መቆለፊያው ቃታው ላይ ራሱ ነው፤ ጣት ገብቶ ከሳበ ይተኩሳል። ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው፣ በድንጋጤ ሰዓት የሚረሳ ነገር የለም። ከዚያ ግሩም የብስክሌቱን ፍሬን በጣቱ እየነካካ «እኔ የምፈራው ግን ሲጸዳ ነው» አለኝ። ለማጽዳት ሊፈቱት ሲሉ አስቀድሞ ቃታውን መሳብ የግድ ነው። ካዝናውን ያወጣ ሰው ደግሞ ባዶ ነው ብሎ ያምናል። አንዷ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ቀርታ ከሆነስ? «ሽጉጡ አይበላሽም ሳኒ፤ ሰውየው ነው የሚረሳው» አለኝ። እዚህ ላይ ሻይ ቀርቦልኝ ሳልጠጣ ተነሳሁ።

ለምን እንደተነሳሁ ልንገርህ። የቤታችንን ነገር ግማሹን ታውቃለህ፣ ሙሉውን ማንም አልነገረህም። አጎትህ አብዱልሃፊዝ የቀበሌ ታጣቂ ነበር፣ ሽጉጥ ነበረው፤ ያኔ ብረት ነው፣ ከባድ፣ መቆለፊያ ያለው። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ከሰዓት በኋላ ቤታችን ተቀምጦ ሊያጸዳው ካዝናውን አወጣ። የእትዬ መሕቡባ ባል ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ጫት እየቀነጠበ ነበር፤ ጎረቤታችን ነው፣ ከአጎትህ ጋር አብረው ነው ያደጉት። «ወዲያ አዙረው» አለው። አጎትህ «ባዶ ነው» አለ። ሰውየው በዚህ ዓለም የሰማው የመጨረሻ ቃል ይሄ ነው።

ከዚያ አጎትህ ከሰፈር ወጣ፣ ስምንት ወር አገና ከተማ ሰው ቤት ተጠግቶ ቆየ። ሽማግሌ ገባ፣ የደሙ ካሳ ስድስት ጊደር ተባለ፣ ጎሳው ሁሉ አዋጣ። አምስቱን ነድቼ ያስረከብኩ እኔ ነኝ። ስድስተኛዋን ይዤ ስሄድ እትዬ መሕቡባ በር ላይ ቆማ አስቆመችኝ። «ይቺን መልሳት። ከእናንተ ቤት መሣሪያ የወጣ ቀን፣ አባትም ልጅም እጁ ባዶ መሆኑን ምላችሁ ታመጧታላችሁ። እስከዚያ ደሙ አልተዘጋም» አለች። ሽማግሌዎቹ ቢለምኗት አልተመለሰችም። አጎትህ ደግሞ ሽጉጡን አልተወም፤ የመንግሥት ነው፣ ሥራዬ ነው ይል ነበር። አምና እስኪሞት ወገቡ ላይ ነበር። የቀብሩ ማግስት ለፖሊስ አስረከብነው፣ ደረሰኙ እኔ ጋ አለ።

እትዬ መሕቡባ አሁን አርጅታለች፣ ከአልጋ አትወርድም። ባለፈው ሳምንት «ከአረፋ በኋላ ጊደሯን አምጡ፣ ማሉ፣ ሳልሞት ይዘጋ» ብላ ላከች። ሐጂ ናጃህ ዛሬ ጠዋት የመጡት የመሐላውን ቀን ሊቆርጡ ነበር። የምምለው እኔ ነኝ፤ «በእኔም በልጆቼም እጅ መሣሪያ የለም» ብዬ። ልጆቼ ስል ደግሞ አንተና ሰፍያ ናችሁ። ደቡብ አፍሪካ ያለውን አይቆጥርም የሚል መሐላ የለም። እኔም በሐሰት አልምልም፤ የሐሰት መሐላ ዞሮ የሚገባው የማለው ሰው ልጅ ላይ ነው ሲሉ አድጌአለሁ። የእኔ ደግሞ ወንድ ልጅ አንድ ነው።

አትፍራ አልልህም። የሁለት ጎረቤቶችህ ሱቅ ተሰብሮ፣ አንደኛው ተመቶ ሆስፒታል መግባቱን ሰምቻለሁ። ያን ዕለት ከእናትህ ጋር እስኪነጋ ተቀምጠን አደርን። በሩን ሰብሮ የሚገባ ሰው ፊት የምትቆመው አንተ ነህ፣ እኔ ቡታጅራ ቁጭ ብዬ ይሄን አድርግ ያን አድርግ ማለት ይቀለኛል። ቢሆንም የታየኝን ልጻፍ። ለጊዜው በጊዜ ዝጋ፤ ማታ የምታገኘው ሽያጭ ይቅር። መሸጫው ላይ የብረት ፍርግርግ አስገጥም፣ ዕቃውን በመስኮት ስጥ። ብቻህን አትደር፤ ከያሬድ ጋር ሁለቱን ሱቅ ወደ አንድ ብታደርጉ ኪራይም ይቀንሳል። ይሄ ሁሉ ካልሆነ ደግሞ ሱቁን ሽጥና ና። እዚህ መደርደሪያው ሰፊ ነው፣ ሰማያዊ ጆግ እንሸጣለን።

ሌላም የምጠይቅህ አለ። ፈቃዱ ምን ሆነ? ያንተ የመኖሪያ ወረቀት ገና እንዳላለቀ ነው የማውቀው። ያሬድ ያስተዋወቀህ ሰውዬ ያለ ፈቃድ የሚሸጥልህ ከሆነ፣ ሌባው ሳይመጣ ፖሊስ ይመጣል። ግሩምም መጀመሪያ የጠየቀኝ ይሄንኑ ነው። በድምፅህ ላይ «ልይዝ ነው» ነው ያልከው፣ «ያዝኩ» አላልክም። ይቺን ቃል ጠዋት ከሰማሁ ጀምሮ ደጋግሜ አዳመጥኳት። ገና ከሆነ ተወው። ይዘኸው ከሆነም እውነቱን ንገረኝ፣ አልጮህብህም፤ ለሐጂ እነግራቸዋለሁ፣ ለእትዬ መሕቡባም ሄጄ አፍ ለአፍ እነግራታለሁ። የሚቀረውን እሷ ታውቃለች።

አረፋ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ከዚያ በፊት ቃልህን እጠብቃለሁ።

እናትህ ዘይባ ግንባርህን ስማለች፣ «ፎቶውን አላየሁም በሉት» ብላለች፤ አይታዋለች። ሰፍያ ናፍቀኸኛል ትልሃለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ በመክፈቷ አፍራለች፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም በላት። ሐጂ ናጃህ ጠዋት የመረቁህ ምርቃት ለሱቁ ይሁን ብለዋል። ግሩም ያችን አሮጌ ብስክሌትህን እንዳልሸጣት ንገረው ብሎኛል። ለያሬድም ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ላደረገልህ ሁሉ አመስግንልኝ፤ ይሄን ደብዳቤ ቢያነበውም አልከፋም። አላህ ከክፉ ዓይንም ከክፉ እጅም ይጠብቅህ።

አባትህ ሳኒ
ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

የረሳሁት፦ ጊደሯን ባለፈው ወር ከእንሴኖ ገበያ ገዝቻታለሁ። ቀይ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፣ ግቢው ውስጥ ታስራለች፣ እናትህ ነች የምታበላት። አምስቱ ተከፍለዋል። ስድስተኛዋ አልተከፈለችም።