የጤነኛ ሰው ደም

ለውድ እታለም፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱ። አከም ጂርታ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ፣ የምትሠሪላቸው ሰዎች አሁንስ ጁምዓ ያሳርፉሻል ወይ። እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ስውጥ ያዝ የሚያደርገኝ ነገር ብቻ ከጥቅምት ወዲህ አልለቀቀኝም፣ ከጭንቀት ነው። እማ ግን እህል አልወርድ ብሏት እንደሞተችው አያታችን እንዳልሆን ብላ ስበላ ጉሮሮዬን ጉሮሮዬን እያየች ምግቡን ታስጠላኝ ነበር።

ደብዳቤውን ይዛልሽ የምትመጣው ጎረቤታችን ረቢአ ናት፣ ነገ ወደ ጅዳ ትበራለች። ያልደወልኩልሽ ስልኩ እማ ትራስ ሥር ስለሆነ ነው፣ ይሄን ደሞ እሷ እየሰማች አልናገረውም። ጽሕፈቴን አትይብኝ፣ ከአምስተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪቢቶ የያዝኩት ሐኪም ቤት ፈርሚ ስባል ነው።

እታለም፣ ዋሽቼሻለሁ። በረመዳን ደውለን እማ ተሻላት፣ መድኃኒቱ ሠራላት ያልንሽ፣ አንቺም ለዓረፋ ልትመጪ የቆረጥሽውን ትኬት የመለስሽው፣ እሱ ውሸት ነው። ቆይ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የምግብ ቧንቧዋ ካንሰር ነው ተብሎ ኬሞውን በክንዷ እያንጠለጠሉ ይሰጧት እንደነበር ታውቂያለሽ። ሐኪሟ ዶክተር ከውሰር ልጅ እግር ናት። መጀመሪያ ደም አስቀድታ ስታስረዳን ደም ውስጥ ፕሮቲን አለ አለች፣ እኔ እንቁላልና ባቄላ ላይ ያለው መስሎኝ፣ እሷ ምኑን ትውጠዋለች አልኳት፣ ሳቀችብኝ። ሌላ ነው አለች፣ ከበሽታው ጋር የሚበዛ ነው፣ መድኃኒቱ ከያዘላት ይወርድ እንደሆን እያጠናን ነው፣ ካልወረደ በከንቱ አናሠቃያትም፣ ሌላ መድኃኒት እንሞክራለን አለች። የእማ ብዙ ነበር። ሁለት ዙር ከወሰደች በኋላ ደግሞ ደም ስጡ ተባልን።

ያን ቀን ረመዳን ነው፣ እማ ደሞ መድኃኒቱ ከሚንጠለጠልላት ቀን በቀር ጾሙን አልተወችም። ለበሽተኛ አሏህ ራሱ ፈቅዷል ብላት፣ «እንደሁ አልውጥ፣ በባዶዬ ከምውል ጾም ይጻፍልኝ» አለችኝ። ወረፋችን ደርሶ በሩ ላይ ስንቆም ደም ካወጣሁ ጾሜ ይበላሻል፣ አልሰጥም አለች። ለመንኳት፣ እምቢ። ወረቀቷን እጄ ላይ አደረገችና፣ «አንቺ በዚህ ሳምንት ጾም የለብሽ፣ ግቢና ስጪ። ከኔ አይደል የወጣሽው፣ ደምሽ ደሜ ነው» አለችኝ። ወላሂ እውነት መሰለኝ። ክንዷም በመርፌ ብዛት ጠቁሮ አሳዘነኝ። መሪማ ሲሉ በእናቴ ስም አቤት ብዬ ገባሁ።

በሳምንቱ ስንመለስ ዶክተሯ ፊቷ በርቷል። ወርዷል አለችን፣ የጤነኛ ሰው ደም ነው የሚመስለው አለች። አፌን ልከፍት ስል እማ በሻሿ ሥር ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። ከዚያ፣ እንዲህ ያለ ደም ያለው ሰው ይሄ በሽታ የለበትም ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ዶክተሯ ይሄ ብቻውን አያስተማምንም፣ ግን ጥሩ ነው አለች። እማ መልሳ ያንኑ ጠየቀች። ስለ ራሷ የምትጠይቅ መሰለኝ። ወረቀቱን ስማ ጡቷ ሥር ከተተችው፣ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

በዚያች ወረቀት ያንኑ መድኃኒት ሁለት ዙር ጨመሩላት። ጸጉሯ አለቀ፣ ድምጿ ጠፋ፣ ምራቋን እንኳ መዋጥ አቅቷት በጣሳ ትተፋለች። አምስተኛው ዙር ሊሰጣት ሲል አልቻልኩም፣ ዶክተሯን ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኳት። ትሰድበኛለች ስል ወረቀትና እስክሪቢቶ አነሳች። የእማን የራሷን ደም ወዲያው አስቀዳች። ከመጀመሪያው እጥፍ ሆኖ መጣ። መድኃኒቱን አቆሙት። ቀድሜ ባውቅ ሌላውን እሞክርላት ነበር፣ አሁን አቅሟ አይሸከመውም አለችኝ። እቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች እታለም፣ ስሄድም ስተኛም አለች።

በሚኒባስ ስንመለስ፣ «እማ፣ እኔ ነኝ የገደልኩሽ» አልኳት። ጆሮዬ ሥር ተጠግታ በዚያ በሌለ ድምጿ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያንቺው ደም ግን ያንቺው ነው አይደል? የፊተኛው ወረቀት አይቀየርም?» አለችኝ።

አይቀየርም አልኳት።

ሐርቡ ከተማ ሳንደርስ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ካመማት ወዲህ እንደዚያ ስትተኛ አላየሁም።

ያቺን የውሸት ወረቀት ከስልኩ ጋር ትራሷ ሥር አድርጋታለች። ልቅደዳት ብዬ ብዘረጋ እጄን መታችኝ። አሁን ስበላም አታየኝም፣ ብይ ትለኝና ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች። ዛሬ ቂጣው ያዝ አደረገኝ፣ ውኃ ጠጣሁበት፣ ዞር አላለችም።

እታለም አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ተቆጪኝ፣ ብቻ ነይ። ለዓረፋ ሳትይ አሁን ነይ፣ ዶክተሯ ቀን አልነገረችኝም፣ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኳት። አሏህ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ የሰው አገር ክፉ አይይሽ፣ የእማን ዐይን በዐይንሽ ለማየት ያብቃሽ፣ አሚን።

መንገድ መንገድሽን የምታይ፣
ታናሽ እህትሽ
ከከሚሴ