ስለ ሽሪምፖችሽ፣ ለሰናይት

ሰኒዬ፣ የኔ ሆድ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ እንዳልጀምር የት ሆነሽ ትመልሺልኛለሽ? ከተለየሽኝ ስምንተኛ ወር ገባ። የዶሃ ሙቀት እንደምታውቂው ነው፤ የቀዝቃዛው ውኃ ቧንቧ ራሱ እጅ ያቃጥላል። እኔም አለሁ፣ መኖር ከተባለ።

ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ ሰፈር ያለችው ክፍላችን እንደተውሻት ናት። ነጩ የነርስ ጫማሽ በሩ ሥር ነው። ጣት የማያህሉትን ቀያይ የውኃ ፍጥረቶች የምታረቢበት የሽሪምፕ ገንዳሽም መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ግን ሰኒዬ፣ ሽሪምፖችሽ አለቁ። እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነው እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ።

አስከሬንሽን ይዤ አገር ቤት ስሄድ ቁልፉን ለጎረቤታችን ለበለጡ ሰጠኋት። እሷም አንጀቷ አልችል ብሎ ምግብ አበዛችላቸው፤ የተረፈው በስብሶ ውኃውን መረዘው። ስመለስ ገንዳው ሸትቷል። "ወንድሜ፣ እኔ እኮ የራባቸው መስሎኝ ነው" እያለች ስታለቅስ ያጽናናኋት እኔ ነኝ። ከዚያ የተረፉትን ጥቂቶች ደግሞ በሐምሌ ኤሲው የተበላሸ ቀን አጣኋቸው። የምሾፍርላትን ማዳምን ኡም ሰላል ድረስ አድርሼ ስገባ ክፍሉ ይነድዳል። በረዶ የሆነ የውኃ ጠርሙስ ገንዳው ውስጥ ብነክርም ጊዜው አልፎ ነበር። አንዲት ብቻ ቀረች፤ ያቺ ደማቅ ቀይዋ፣ ከጅራቷ ሥር እንቁላል የታቀፈችው።

ለመጀመሪያ ጊዜ አንዷ እንቁላል የያዘች ዕለት ትዝ ይልሻል? ከሥራ ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጎትተሽ መስታወቱ ፊት አስቀመጥሽኝ። በትናንሽ እግሮቿ ሳታቋርጥ ታራግብላቸው ነበር። "አየህ፣ እሷ ካረፈች እነሱ ይሻግታሉ" አልሽኝ። እናቴ በስልክ የልጅ ነገር ባነሳችብሽ ቁጥር "እማማ፣ እኔ እኮ ወላድ ነኝ፤ ገንዳ ሙሉ አሉኝ" እያልሽ ታስቂያት ነበር። ስልኩን ስትዘጊ ግን ፊትሽን ወደ ገንዳው አዙረሽ ብዙ ትቆዪ ነበር። እኔም አጠገብሽ እቀመጥ ነበር።

ያቺም ሞተች፣ ሰኒዬ። አንድ ጠዋት በጎኗ ተጋድማ አገኘኋት፤ እንቁላሎቿን እንደታቀፈች ናት። በቀብርሽ ላይ እንባ እምቢ ብሎኝ ሰው ታዝቦኝ ነበር፤ ያን ጠዋት ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። የገንዳ ዓሣ ወደሚሸጠው ሰውዬ ሄድኩ። "ኸላስ፣ አበቃ፤ እናትየው ከሞተች አይሆንም፤ ጣለውና አዲስ ውሰድ" አለኝ። አዲስ! ስታሳድጊ፣ ስትመርጪ፣ ቅላታቸውን ስታደንቂ የኖርሽው ዘር እዚያ እንቁላል ውስጥ ብቻ መቅረቱን እሱ በምን ያውቃል።

ቤት ተመልሼ አንድ ጊዜ ስታደርጊ ያየሁትን አደረግሁ። እንቁላሎቹን በለስላሳ ብሩሽ ከእናታቸው አላቀቅሁና በሻይ ማጥለያ አድርጌ ገንዳው ውስጥ አንጠለጠልኳቸው። አረፋው ቀስ እያለ እንዲያገላብጣቸው የአየር ፓምፑን ቱቦ ከሥር አስገባሁ። አረፋው ሲበረታ ይጋጫሉ፣ ሲደክም ይሻግታሉ። ሞቶ ነጭ የሆነውን በመርፌ ጫፍ አወጣለሁ፤ በማግስቱ ሌላ ይነጣል። መሪ ይዤም "አሁን መብራት ቢጠፋስ?" እላለሁ። ማዳም እንኳ "ታመሃል እንዴ?" አለችኝ። ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ፣ ሰኒዬ። እሷን ወሰድክ፣ እነዚህን እንኳ ተውልኝ አልኩት፤ በቁጣ ክፉ ቃል ተናገርኩ፣ መልሼ ይቅር በለኝ አልኩ።

ውለው አድረው በተረፉት እንቁላሎች ላይ ጥቋቁር ነጥቦች ታዩ። ዓይናቸው ነው ብለሽ አሳይተሽኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ማጥለያውን ሳይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ፣ ውኃ የመሰሉ ሽሪምፖች ይፈናጠራሉ። ጥቂት ናቸው፣ ግን ሕይወት አላቸው።

ስልኬን አነሳሁና ደወልኩልሽ። አስቤበት አይደለም፤ እጄ ነው የደወለው። ጠራ።

"ሄሎ? ሚን?" አለ የማላውቀው የወንድ ድምፅ፣ ማንነቴን ሲጠይቅ።

ቁጥርሽን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። መዝጋት አቃተኝ። "ተፈለፈሉ" አልኩት በአማርኛ። "ኤሽ?" አለኝ፣ ምን እንዳልኩ ስላልገባው። በተሰባበረ ዐረብኛዬ ነገርኩት፤ የሚስቴ ሽሪምፖች ናቸው፣ እሷ ሞታለች፣ እነሱ ግን ዛሬ ተፈለፈሉ። ሰውየው እስክጨርስ አዳመጠኝ። ከዚያ "አላህ የርሐምሃ" አለ፤ ነፍስ ይማር ማለቱ ነው። ቀጥሎም ቀስ ብሎ "መብሩክ" አለኝ።

እንኳን ደስ ያለህ የሚለኝ እሱ ብቻ ሆነ፣ ሰኒዬ። የማላውቀው ሰው፣ ባንቺ ስልክ።

ሙቀቱ ገና አልወጣም። ነገ ሊሞቱብኝ ይችላሉ፤ ያኔ በዚህ ቤት ያንቺ የሆነ አንድም የሚተነፍስ ነገር አይቀርም። እስኪነጋ እንዴት እንደምቆይ አላውቅም። ነገር ግን እነሱ ኖሩም ቀሩም፣ በየጠዋቱ ከዚህ ቤት ሳልወጣ ስምሽን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። እኔ በሕይወት እያለሁ ስምሽ ሳይጠራ የሚመሽ ቀን አይኖርም።

ያንቺው፣
ጌታሁን