የእመቤታችን ክብደት

እ.ኤ.አ. በ1925 በፔኛራሳ ከተማ ተወለድሁ። በ1948 ከግራናዳ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት ተመረቅሁ። በ1951 የከተማችን መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆንሁ። በ1963 የሐዘንተኛዪቱ እመቤታችን ማኅበር በስቅለት ለብሳ በሰዎች ትከሻ ለሰልፍ የምትወጣው ሐውልት አልባሽ አድርጎ መረጠኝ። በጃንዋሪ 2009 ሐኪሜ ከፋሲካ እንደማላልፍ ነገረኝ። ዛሬ ማርች 3 ቀን 2009 እኔ ቪሲታሲዮን ኦርዶኜስ፣ አእምሮዬ ሳይታወክና ማንም ሳያስገድደኝ፣ በውል አዋዋዩና በሦስት ምስክሮች ፊት ቃሌን አስጽፌአለሁ።

ቤቴን ለወንድሜ ልጅ ለቤልትራን አውርሻለሁ። ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ የመጣው ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ያፈስሳል። እንዳለ ይውሰደው።

መጻሕፍቴ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ይሰጡ።

እመቤታችን በስቅለት የምትለብሰው ጥቁር የከፋይ ካባ የማኅበሩ ንብረት አይደለም። በ1911 ያሠራችው አያቴ ስትሆን ለማኅበሩ የሰጠችው በውሰት ነው፤ ሰነዱ ተያይዟል። ካባውን ለኮራል ኤሬዲያ አውርሻለሁ። ማኅበሩ ካባውን ከፈለገ አልባሽነቱንም ለእርሷ ይስጥ፤ ሁለቱ አይነጣጠሉም።

ምክንያቱ የሚከተለው ነው። ሐውልታችን ፊትና እጅ ብቻ ናት፤ ከአንገቷ በታች ያለውን የእንጨት ቋሚ ከአልባሽ በቀር የሚያየው የለም። በ1971 የኮራል እናት ሳግራሪዮ፣ በዋሻ ሰፈር ከሚኖሩት፣ ጂታኖ ተብለው ከሚናቁት ወገኖች አንዷ፣ የማኅበሩ አባል ለመሆን አመለከተች። የዚያን ጊዜው ሰብሳቢ «ከሩቅ ትሳለም፤ ምን ቸገራት?» አለ። በዚያው ሳምንት ቤቷ ፈርሶባት ነበር። ወደ እኔ መጥታ ቁልፏን በእጄ አኖረች።

«እትዬ፣ እኔን ካላስገቡኝ ይቺን ያስገቡልኝ። በር የለኝም፤ ቁልፉን እመቤታችን ትያዝልኝ» አለች።

ከውስጠኛው ቀሚስ ሥር ከእንጨቱ ላይ አሰርሁት። ከዚያ በኋላ ሌሎችም በጓሮ በር መጡ፤ የመንገድ ዳር መጠጥ ቤት ሴቶች፣ የእስረኛ እናቶች፣ ለእንጆሪ ለቀማ የመጡ መጻተኞች። ቀለበት፣ የሕፃን ጫማ፣ የፈረስ ኮቴ ብረት፣ ደግሞም ብዙ ቁልፍ አመጡ። እመቤታችን ተአምር አደረገችላቸው አልልም፤ ማስረጃ የለኝም። አቀርቅረው መጥተው ቀና ብለው ሲሄዱ ግን አይቻለሁ።

በ1988 ማኅበሩ በሐውልቷ ላይ የማይገባ ነገር ካለ ተነሥቶ እንዲጣል በጽሑፍ አዘዘኝ። «ተፈጽሟል» ብዬ ፈርሜ መለስሁ። በሕይወቴ በፊርማዬ ያጸናሁት ሐሰት ይህ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ምስክሩ ኤውሴቢዮ ፑልጋሪን፣ ሠላሳ ዓመት ሐውልቷን የተሸከሙት ወንዶች አለቃ፣ አቋረጠኝ። የተባለው ሁሉ እንዲጻፍ አዝዣለሁ።

«ቆይ እንጂ እትዬ ቪሲታ! በየዓመቱ ከበደችን ስንል ‹እናንተ ናችሁ ያረጃችሁት› ይሉን አልነበር? ወገቤን የቆረጡት እርስዎ ነዎት ለካ!»

«ማርጀትህም እውነት ነው።»

ሳቀ። ኋላም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴስ መጥታ ነበር?» አለ። ወደ መጠጥ ቤቱ ከገባች ወዲህ ቤተሰቡ ስሟን የማያነሣትን እህቱን ማለቱ ነው።

«የማንንም አልናገርም። ከበር የመለስሁት ሰው ግን የለም።»

«እንግዲያው ይህን ሁሉ ዘመን ተሸክሜያታለሁ» አለና ባርኔጣውን አወለቀ።

ከፋሲካ በኋላ ሐውልቷ ለእድሳት እንድትፈታ ማኅበሩ ወስኗል። የማያውቅ ሰው ከፈታት አደራው ሁሉ እንደ ጥራጊ ይጣላል። ስለዚህ የእናቷን አደራ የምታውቀው ኮራል ትፍታት፤ ያገኘችውንም በነበረበት ትመልሰው። ሰብሳቢው ከከለከላት ካባውን ይዛ ትውጣ፤ እመቤታችንም በስቅለት ያለ ካባ ምን እንደምትመስል ለሕዝቡ እርሱ ያስረዳ።

ፈርሜአለሁ፦ ቪሲታሲዮን ኦርዶኜስ።

እኛ ምስክሮች፣ ኤውሴቢዮ ፑልጋሪን፣ መድኃኒት ቀማሚዋ ሎሬንሳ ባያዶሊድና መምህር ፋውስቲኖ ኪንታና፣ ቃሉን ከአንደበቷ ሰምተን ፈርመናል። በዚያው ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደን ካባው በስፍራው መኖሩን አረጋገጥን። ቀሚሱን አልገለጥንም።