እናቴ የምትፈራው አገጭ

ውድ አባቴ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። ጥለኸን ከሄድክ ወዲህ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስትሄድ አገጭህን ለእኔ ትተህልኛል። የማተሚያ ቤት ጓደኞቼ «አገጮ» ነው የሚሉኝ። እህቴ ደግሞ «አንተ ሳትገባ አገጭህ ገብቶ ይቀመጣል» ትለኛለች። ስቄ ነው የኖርኩት። አሁን ግን በቀዶ ጥገና ላስቀንሰው አስቤያለሁ።

እማዬን አእምሮዋ እየከዳት ነው። እህቴን ታውቃታለች፤ እኔን ስታይ ግን የምታየው አንተን ነው። ሾርባ ይዤ ስጠጋት ፊቷን በክርኗ ትከልላለች። የገዛ እናቴ ስትፈራኝ ምን እንደሚሰማኝ እንዴት ብዬ ልንገርህ?

ባለፈው ጉንፋን ይዞኝ ማስክ አድርጌ ገባሁ። «መጣህ የኔ ልጅ? ሥራ እንዴት ዋለ?» ብላ ሾርባውን ጥርግ አድርጋ ጠጣችልኝ። ኮሪደር ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ በማግስቱ ማስኩን ከፊቴ ገፍፋ አየችኝና ጮኸች። ከዚያ ወዲህ ተሸፍኜ ብገባም መጀመሪያ የምትጎትተው እሱን ነው። እህቴ «ጺም አሳድግ» አለችኝ። አንተም ጺማም እንደነበርክ ረስታው ነው።

ሐኪሙ አጥንቱ ተቆርጦ እንደሚቀነስ፣ ከንፈሬም ደንዝዞ ሊቀር እንደሚችል ነገረኝ። «ደግሞስ ምን ጎደለህ? የወንድ መልክ እኮ ነው» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? እህቴማ ተቆጣችኝ።

«አብደሃል? እሷ እንደሆነ ነገ እኔንም ትረሳኛለች። አንተ ግን ዕድሜህን ሙሉ ከንፈርህ ደንዝዞ ልትኖር ነው!»

እውነቷን ነው። እኔም ስፈራ ስቸር ሰነበትኩ።

ትናንት ትራሷን ላስተካክል ጎንበስ ስል ከአልጋው ወርዳ ግድግዳው ጥግ ተሸጎጠች። እጆቿን ወደ ኋላ ዘርግታ ሰው የምትከልል ትመስላለች። ከኋላዋ ማንም የለም።

«እኔን ምታኝ» አለችኝ። «ልጁን ተወው፤ ገና ሕፃን እኮ ነው።»

ያ ልጅ እኔ ነበርኩ፣ አባዬ። እናቴ እኔን ከእኔ እየከለለች ነው።

ሰኞ ሆስፒታል እገባለሁ። ስወጣ ልጇ መሆኔን ላታውቅ ትችላለች፤ «አንተ ደግሞ ማነህ?» ትለኝ ይሆናል። ትበለኝ። ከአንተ እንግዳ ሰው ይሻላታል።

ደህና ሁን።

እስከ ሰኞ የምመስልህ፣
ልጅህ